ሃያ ሁለት ሰው

ከንጋቱ አንድ ሰዓት፣ ሁዌ ከተማ፣ ከሆቴሎቹ ደጃፍ ላይ
ሃያ ሁለት እንግዳ በሚኒባስ ጭኜ፣ ጦርነት ላሳይ
እነሣለሁ።
ባንዲራዬ ቢጫ ናት፣ ከጃንጥላ ዘንግ ጫፍ የታሰረች ጨርቅ፤
ማንም እንዳይቀድመኝ፣ ማንም እንዳይጠፋ፣ ማንም እንዳይርቅ።
ራስ ራስ እያየሁ፣ ጣቴን እየቀሰርሁ እቆጥራለሁ፤
ሃያ ሁለት ሲደርስ «ሞልተናል፣ እንሂድ» እላለሁ።

እኔ ጦርነቱን አላየሁም። ሲያልቅ አልተወለድሁም፤
ለአስጎብኚ ፈቃድ ፈተና አጠናሁት፤
ከመቶ ሰማንያ ስድስት አገኘሁ፣ አልዋሽም።
ሾፌሩ አጎቴ ኪየት፣ አጎትነቱ የወግ እንጂ የሥጋ አይደለም፤
ስድሳውን ዘሏል። ሲነዳ አይናገርም፤ ሳይነዳም አይናገርም።
«ሞላን?» ነው ቃሉ ጠዋትና ማታ፤
ከሷ ወዲያ ዝምታ።

መጀመሪያ ድልድዩ፦
ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ተቀብቶ።
በዚያ ዘመን ድምፅ ማጉያ ከወዲህም ከወዲያም ቆሞ
ወንዙን እየተሻገረ ይሰዳደብ ነበር፣ ሌሊቱን አንግቶ።
እንግዶቼ መሐሉ ላይ ይቆማሉ፣ አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ፤
ፎቶ ይነሣሉ፣ ይስቃሉ። አልከፋም።
አንድ ሽማግሌ ዳክዬዎቹን ይነዳል ከድልድዩ ሥር፤
ሰሜኑን ከደቡብ ዳክዬ አይለይም፣ አያውቅም ድንበር።

ከዚያ ዋሻው።
«ጎንበስ በሉ» እላለሁ፤ ረጅሙ ሆላንዳዊ ግን
ግንባሩን ይመታል በየመታጠፊያው።
«ይህች ጥግ የማዋለጃ ክፍል ነበረች» ስል፣ አንድ ምንጣፍ የማታሰፋ፣
ሁሉም ዝም ይላሉ። የዝምታውን ልክ አውቀዋለሁ፤
እስከ ስምንት ቆጥሬ ቀልዴን አመጣለሁ፦
«ኪራይ አልነበረም፣ የመብራት ክፍያም!»
ይስቃሉ። ስንት ዓመት ነገርኋት፣ ይህች ቀልድ አታረጅም።

ምሳ ላይ አንዷ ዓሣ አትበላም፣ ሌላው ቃሪያ ይፈራል።
ሙዚየሙ ውስጥ በመስታወት ሣጥን
ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ የግራ እግር ብቻ።
የቀኙን የጠየቀኝ የለም፤
እኔም አልጠየቅሁም።

መጨረሻው መቃብሩ። እዚህ ቃላቴን አሳጥራለሁ፦
«አርባ ደቂቃ አላችሁ።»
ነጭ ድንጋይ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ጥዱ እስኪጋርደው ድረስ።
ከሊዝበን የመጣች ልጅ፣ ማፋልዳ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ፊደሎቹን በጣቷ እየዳሰሰች፣
«ሁሉም አንድ ስም ነው ያላቸው?» አለች።
«አይደለም» አልኋት፣ «ስሙ ያልታወቀ ማለት ነው።»
ድንጋዩን አየች። ቆጠረች።
«ይህቺስ? ይህቺ ትንሿ ቃል?»

ስምንት ዓመት የዘለልኋት ቃል።
«ገና» አልኋት። «ስሙ ገና አልታወቀም።»

አጎቴ ኪየት ያን ጊዜ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ
ሲጋራ ለኩሶ ድንጋዩ ላይ አኖረ፣ አንዴ ብቻ ስቦ።
የሚሄደው በተራ ነው። ባለፈው ሳምንት ይህ ጎረቤቱ፣ ነገ የቀጣዩ።
ወንድሙ ከነዚህ ባንዱ ሥር ይሁን፣ አይሁን፣
ጫካው ይብላው፣ ወንዙ፣ ማን ያውቃል?
ማንንም እንዳይዘል ብቻ ለሁሉም ያዳርሳል።
ድንጋዩ በሺህ ነው፤ ጉዞው በሳምንት ሦስት ቀን።
ሒሳቡን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤
አናወራውም።

ማታ መኪናው ውስጥ ቆጠርሁ፦ ሃያ አንድ።
ደግሜ ቆጠርሁ።
«ሞላን?» አለ፣ እጁ ቁልፉ ላይ።
በመስኮቱ ማፋልዳን አየኋት፣ ከረድፉ መሐል
ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ስትራመድ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ።
«ገና ነን» አልሁት።
ሞተሩን አጠፋ። እጆቹን መሪው ላይ ጥሎ
ወደ ኮረብታው አየ፤ መጠበቅ ያውቅበታል።

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ ለእራት እንደርስ እንደሆነ ጠየቀኝ።